መስኮት ቁጥር ሦስት

መስከረም 20

ለምወድሽና ለማከብርሽ እቴቴ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ያንቺን ክፉ አያሰማኝ። እኔ ተቀምጬ ከመዋል ከመጣብኝ የወገብ ሕመም በቀር ደህና ነኝ። አንቺ ሃያ ስድስት ዓመት ፖስታ ቤት ተቀምጠሽ ወገቤን ሳትዪ፣ እኔ በሦስተኛው ዓመት ማቃሰት ጀመርኩ።

ደስ የሚል ወሬ አለኝ። እስከ ዛሬ የሌሎችን ድራማ ሳርም ነበር የኖርኩት፤ አሁን የራሴን ጻፍኩ። በእኛው ቋንቋ፣ ከዚህ ከውጭ አገር በሚተላለፈው የሳተላይት ቻናላችን፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይጀምራል። በየማክሰኞው ከሰዓት ነው። ስሙ «መስኮት ቁጥር ሦስት» ይባላል። አዎ፣ ያንቺው መስኮት! ፖስታ ቤት የምትሠራ ሴትዮ ታሪክ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከባንኮኒሽ ሥር ቁጭ ብዬ የማኅተሙን ድምፅ እየሰማሁ የቤት ሥራዬን የምሠራው ትዝ ይልሻል? እሱን ሁሉ አወጣሁት። አባቴ ለሥራ ብሎ ወጥቶ ደብዛው ሲጠፋ ሦስት ዓመቴ፣ እናቴ ስትሞት አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ከዚያ ወዲህ እናትም አባትም አንቺ ነሽ። ሌላ በምን ላመስግንሽ?

አንድ ሥራ ልስጥሽ። አለቃችን የሚያሳስበው ሰው ለምን አንዱን ድራማ ሲወድ ሌላውን እንደሚዘጋው ነው። ካንቺ የተሻለ ሰላይ የለኝም። ከሴቶቹ ጋር ሆነሽ እዪና ማን እንደሳቀ፣ ማን ተነሥቶ እንደወጣ ጻፊልኝ።

ልጅሽ

•

ኅዳር 2

ለዓይኔ፣ ለልጄ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ቴምብሩን አጣመሽ ነው የለጠፍሽው፤ ስንቴ ልንገርሽ? ቢሆንም የጻፈው እጅሽ ይባረክ። በሄድሽበት ሁሉ ሞገስ ይስጥሽ፣ ክፉ ዓይን አይይሽ።

አምስቱንም ክፍል አይቻለሁ። የማየው ከጸጉር ሠሪዋ ጎረቤታችን ዘንድ ነው፣ ቴሌቪዥኗ ሰፊ ስለሆነ። በጸጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ያሉት አልሰማንም ብለው ይጮኻሉ፤ ጸጉሯ በቢጎዲን ተጠቅልሎ ግማሹ የቀረባት ደግሞ ዝም በሉ ብላ ትጮኻለች። ያንቺ ድራማ የሚታየው እንዲህ ነው፤ ለአለቃሽ ንገሪው።

ሰው ለምን ይወዳል ላልሽው፣ ጸጉር ሠሪዋ የምትወደው አሮጌ ቤት አፍርሰው አዲስ የሚያደርጉበትን ፕሮግራም ነው። ለምን ስላት፣ «የሰው ቆሻሻ በአንድ ሰዓት ሲያልቅ ሳይ ደስ ይለኛላ! የኔ ሱቅ ይኸው ዐሥር ዓመት ሙሉ አላለቀም» አለችኝ። እኔ የጥያቄና መልሱን ውድድር እወዳለሁ፤ መልሱን የያዘው ሰውዬ መጨረሻ ላይ መናገሩ አይቀርም። ድራማን ግን ሁላችንም የምንወደው በሌላ ምክንያት ነው። ድራማ ላይ የምትዋሸዋን ሴት ፊቷን አቅርበው ያሳዩናል። ምራቋን ስትውጥ እናያለን። በኑሮ ማን እንዲህ አቅርቦ ያሳይሻል? ለአንድ ሰዓት ያህል ማንም የማያታልለን ሰዎች ሆነን እንቀመጣለን። ይህ ነገር ይጣፍጣል።

ስህተት ግን ሞልቶታል። ማኅተም በክንድ አይመታም፣ በእጅ አንጓ ነው። ያቺ ተዋናይሽ ስትመታ ሥጋ የምትከትፍ ነው የምትመስለው። የአደራ ደብዳቤም ሳያስፈርሙ አይሰጥም። እንዲህ ያለ ነገር አሳፍሮኛል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። በአምስተኛው ክፍል አንዲት ሴት ልጇን ይዛ መስኮቱ ጋ ትመጣና «ዛሬስ?» ትላለች። ፖስተኛዋም «ዛሬም የለም» ትላታለች። ሴትዮዋ ዞር ስትል ፖስተኛዋ አንድ ፖስታ ወደ ቦርሳዋ ትከታለች። ይህን ማን ነገረሽ? ማለቴ፣ ይህን ደግሞ ምን አሳሰበሽ? ከኔ ጋር ይሠራ የነበረ ሰው ጽፎልሽ እንደሆነ አትደብቂኝ።

የማንበቢያ መነጽሬ ተሰብሯል። የሚመጣ ሰው ካገኘሽ አንድ ላኪልኝ።

አክስትሽ

•

ኅዳር 18

ለእቴቴ፣ ለጥብቋ ተቆጣጣሪዬ፣

ቴምብሩን ዛሬ በማስመሪያ ለጥፌዋለሁ! እንዴት ነሽ? ፈጣሪ ጉልበትሽን ያበርታልኝ። መነጽሩን ልኬያለሁ።

አንቺን ይንሳኝ፣ ማንም የነገረኝ የለም። «ዛሬስ?» እና «ዛሬም የለም» የእናቴ ነው። ቀሚሷን ይዤ ስንመጣ ትልሽ የነበረውን፣ አንቺም የምትመልሺላትን ነው እንዳለ የጻፍኩት። እንዲያውም ያንን ስጽፍ አልቅሻለሁ። ቦርሳ ውስጥ የገባው ፖስታ ግን የአለቃችን ጥፋት ነው። አምስት ሆነን በአንዲት ጠባብ ክፍል ነጭ ሰሌዳ ፊት ተቀምጠን ስንከራከር ገባና፣ «ማኅተም ስትመታ የምትውል ሴት ማን ያያል? ሌባ አምጡልኝ» አለ። ሌባ ከየት ላምጣ? ያለችኝ ፖስተኛዋ ናት፤ ሰረቀች።

አለቃችን አልተሳሳተም። ከዚያ ክፍል ወዲህ ተመልካቹ እጥፍ ሆኗል። ያልሽውን ነገር፣ ማንም የማያታልለን ሰዎች እንሆናለን ያልሽውን፣ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ ሰሌዳው ላይ ጻፉት።

አሁን ችግሬ ይህ ነው። ፖስታውን ፍራሽ ሥር ደብቃዋለች፤ በሚፈላ ውሃ እንፋሎት ከፍታ ልታነበው ነው። ያንቺ ዓይነት ሴት ብትሆን የት ትደብቀው ነበር? እንዲያው ለቀልድ ንገሪኝ።

ልጅሽ

•

ታኅሣሥ 6

ለልጄ፣

ጤና ይስጥሽ፣ ከሰው ተንኮል ይጠብቅሽ። መነጽሩ ደርሷል፤ ትንሽ ይጠብባል።

ቀልድ ነው ብለሻል። እዚህ ማንም እየቀለደ አይደለም። ባለፈው ማክሰኞ ፖስተኛዋ ፍራሹን ከፍ ስታደርግ ጸጉር ሠሪዋ ካስኩን አጠፋችው። ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ። አንዷ፣ «እርስዎም መስኮት ሦስት አልነበሩ እንዴ?» አለችኝና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

እውነቱን ንገሪኝ። የፖስታ ቤታችን የደብዳቤ መለያ ክፍል ሽማግሌ ልጆቹ ያንቺ አገር ናቸው ሲባል ሰምቻለሁ። አግኝተውሽ ነው? ምን አሉሽ? ያ ሰውዬ ጡረታ ሲወጣ እንኳ የሰው ነገር ከመቁጠር አላረፈም።

እባክሽ ያቺን ሴት ሌላ ቅርንጫፍ አዛውሪያት። ካልሆነም ፖስታውን ታቃጥለውና ነገሩ ይለቅ። ድራማው ያንቺ አይደል?

ፍራሽ ሥር ያልሽው ግን አያስኬድም። ፍራሽ ሥር ወረቀት ይጨማደዳል፣ አልጋ የሚያነጥፍም ሰው ያገኘዋል። የፖስታ ቤት ሰው ወረቀት ሳይታጠፍ ነው የሚያስቀምጠው። የስፌት መኪና መሳቢያ ውስጥ፣ ከቡሉኮ በተቆረጠ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ከልብስ ቅዶቹ ሥር ታደርገዋለች። እንፋሎት ደግሞ ከየት አመጣሽ? የሰው ደብዳቤ መክፈት ትልቅ ነውር ነው! አንዲት ፖስተኛ ይህን ታደርጋለች ብለሽ መጻፍሽ ሙያውን መስደብ ነው። ደግሞም አንድ ፖስታ ብቻ አይሆንም። መልስ ያጣ ሰው በአንድ አይተውም። ሁለተኛው በወሩ ይመጣል፣ ሦስተኛው በሦስት ወሩ፤ እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ስድስት ይደርሳል። ሰባተኛውን በሌላ ሰው ስም ይልከዋል። ከዚያ ያቆማል። እንዲህ ያለውን ሳታውቂ አትጻፊ።

አክስትሽ

•

ጥር 3

ይድረስ ለአክስቴ፣

ለጤናዎ እንደምን አሉ?

ለመመለስ የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። ደብዳቤዎን ቢሮ ውስጥ ነበር የከፈትኩት። ለጓደኞቼ አነበብኩላቸው፤ ስለ እንፋሎቱ ሲሰሙ በሳቅ ሞቱ። አለቃችን «ሰባት!» ብሎ ተነሣና ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፈው። «እንዲህ ያለ ነገር በሐሳብ አይመጣም፤ አክስትሽ ሊቅ ናቸው» አለኝ። እሱ ወደ ክፍሉ ሲገባ እኔ ቀና ብዬ ቁጥሩን አየሁት። እውነቱን ነው፣ በሐሳብ አይመጣም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቤታችንን በዓይነ ኅሊናዬ ስዞረው ነው የምውለው። ሳሎን፣ ከመስኮቱ ሥር፣ የስፌት መኪናው። በግራ በኩል ያለው መሳቢያ አንድም ቀን ተከፍቶ አላየሁም። ስጠይቅዎ «መርፌ አለበት፣ ይወጋሻል» ይሉኝ ነበር። መርፌዎቹ ግን በቀኙ መሳቢያ ነበሩ፤ እኔው አይደለሁ የማቀብልዎ? የግራው ቁልፍ ከፖስታ ቤቱ ቁልፍ ጋር በአንገትዎ ይውል ነበር።

የመለያ ክፍሉን ሽማግሌ አግኝቻቸው አላውቅም። መኖራቸውንም የሰማሁት ከእርስዎ ነው። ማን ምን እንዳይነግረኝ ነበር የፈሩት?

አንድ ነገር ልጠይቅ። አባቴ ጽፎ ያውቃል?

የእህትዎ ልጅ

•

ጥር 20

ለልጄ፣

እርስዎ! ከአሥራ አንድ ዓመትሽ ጀምሮ ባንድ አልጋ ያስተኛሁሽን እርስዎ? ለማንኛውም ጤና ያብዛልሽ፣ ልቡናም ይስጥሽ።

ሰው ድራማ ሲጽፍ ድራማው አናቱ ላይ ይወጣል ማለት ነው። ሁሉ ነገር ይጠረጠራል። ካንቺ በፊት አንድ የሬዲዮ ጸሐፊ ነበር፤ እሱም በመጨረሻ ሚስቱ እንደምትመርዘው አስቦ እንቁላል ብቻ ቀቅሎ ይበላ ነበር አሉ።

ድራማሽን ማየት ትቻለሁ። ቴሌቪዥኑም ተበላሽቷል። ጸጉር ሠሪዋ ባሏን አሠራው ብትለው ዛሬ ነገ ይላል። አሁን የዘፈን ውድድሩን ነው በስልኳ የምናየው፤ እሱ ጥሩ ነው፣ የሚዘፍን ይዘፍናል፣ የሚወድቅም ወድቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የስፌት መኪናውንም ሸጬዋለሁ። ቦታ አጠበበብኝ።

ለዕረፍትሽ እመጣለሁ ብለሽ ነበር። ዘንድሮ ይቅርብሽ። ቤቱ ይፈስሳል፣ እኔም እንደ ልቤ አይደለሁም። ሌላ መነጽርም አትላኪ። የማነበው ነገር የለኝም።

አክስትሽ

•

የካቲት 8

ይድረስ ለአክስቴ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

ጸጉር ሠሪዋ ዘንድ ስልክ ደወልኩ። ስታነሣው ከኋላዋ የድራማዬ መግቢያ ሙዚቃ ይሰማ ነበር። ቴሌቪዥኑ ተበላሽቶ አያውቅም። ስለ እርስዎ ስጠይቃት አመሰገነችልኝ፤ ባለፈው ሳምንት ለደንበኞቿ ትከሻ መሸፈኛ ስድስት ጨርቅ ሰፍተውላታል። በምን ሰፉላት? በእጅ?

እኔ የምተዳደረው ውሸት በመጻፍ ነው፤ ስለዚህ ሲመጣ በኮቴው አውቀዋለሁ። ውሸታም ሰው ያልተጠየቀውን ይመልሳል። እኔ ስለ አባቴ ጠየቅኩ፣ እርስዎ ስለ ቴሌቪዥን፣ ስለ ጣሪያና ስለ እንቁላል ነገሩኝ። የለም አላሉኝም። ለእናቴ ስምንት ዓመት ሙሉ የለም ያሉ ሰው ለእኔ አንዴ ማለት እንዴት አቃተዎት?

የመጨረሻው ክፍል ሠላሳኛው ነው። መሳቢያው የሚከፈተው እዚያ ላይ ነው። ሌላውን ሁሉ ጽፌ ያንን ገጽ ባዶ ትቼዋለሁ። አለቃችን በየቀኑ ይጠይቀኛል፤ እኔም ገና ነው እለዋለሁ። መጥቼ መሳቢያውን አልሰብርም። ሰውም አልልክብዎትም። አለ ወይስ የለም? እሱን ብቻ ይንገሩኝ።

የእህትዎ ልጅ

•

መጋቢት 1

ለልጄ፣

አለ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ታሽጎ በአደራ ተልኮልሻል። ሳትፈርሚ አይሰጡሽም። ብትቆጪም ፈርመሽ ተቀበዪ።

የመጀመሪያው የመጣ ቀን አንቺ ኩፍኝ ይዞሽ ነበር። ጽሑፉን አወቅኩት። አባትሽ ሲሸኝ «ቤት እንዳገኘሁ ሁላችሁንም እወስዳለሁ» ብሎ ነበር፤ ሁላችሁንም ሲል እናትሽንና አንቺን ማለቱ ነው። እኔ በእናትሽ ቤት የምኖር፣ ባል ያላገባሁ፣ ከእሷና ካንቺ በቀር ሰው የሌለኝ ነበርኩ። ልጅቷ እስክትድን ላቆየው አልኩ። አንድ ሳምንት ብቻ! በምወድሽ፣ ሐሳቤ አንድ ሳምንት ነበር። ዳንሽ። ነገ እሰጣታለሁ እያልኩ ሁለተኛው መጣ። ሁለተኛውን ብሰጣት የመጀመሪያውስ ልትለኝ ነው። ከዚያ ሦስተኛው መጣ። እያንዳንዱ ሲመጣ የፊተኛውን መስጠት ይብስ ከበደኝ። እናትሽ መስኮቴ ላይ እየመጣች «ዛሬስ?» ስትለኝ «ዛሬም የለም» እላት ነበር። አንዳንድ ቀን በእርግጥም አይኖርም፤ ያን ቀን ቀና ብዬ አያት ነበር። ታማ ስትተኛ እሰጣታለሁ ብዬ መሳቢያውን ከፍቼ ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ የዋሸኋት እኔ መሆኔን አውቃ እንድትሞት አልፈለግኩም፤ መልሼ ቆለፍኩት። አባትሽ ትቶን እንደሄደ አምና ሞተች።

አንድ ነገር እመኚኝ። አንዱንም አልከፈትኩም። ማኅተሜን ስረከብ የሰው ደብዳቤ አልከፍትም ብዬ ምያለሁ፤ አልከፈትኩም። ትስቂብኝ ይሆናል። ስድስቱ የእናትሽ ናቸው፤ አሁን ያንቺ ናቸው።

ሰባተኛው በእኔ ስም ነው የመጣው። የራሴ ስለሆነ መክፈት እችል ነበር። አወቀብኝ አልኩ። የሚለኝን አውቀዋለሁ፤ እየተራገመ ነው የጻፈው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያ ፖስታ ከመሳቢያው ውስጥ ሆኖ ሲሰድበኝ ኖሯል። መክፈት አልቻልኩም። አንቺ ክፈቺውና የሚለኝን ንገሪኝ። ድራማሽ ላይም ከፈለግሽ አውጪው፤ ጸጉር ቤት ቁጭ ብዬ አየዋለሁ።

አክስትሽ፣ ብለሽ የምትጠሪኝ ከሆነ

•

ሚያዝያ 20

ለእቴቴ፣

እርስዎ ማለቱ ደከመኝ። ይቅር ብዬሽ ግን አይደለም፤ ይቅር ማለት እንኳ ከየት እንደሚጀመር አላወቅኩም። እንዴት ነሽ ብዬ መጠየቅን ግን መተው አልቻልኩም። እንዴት ነሽ?

ፈርሜ ተቀበልኩ። ቡሉኮው ያንን የቤታችንን ሽታ ይሸታል። አንዱም ፖስታ አልታጠፈም። ማጣበቂያውን በጣቴ ዳሰስኩት፤ እንደተላከ ነው።

የመጨረሻውን ክፍል ጻፍኩት። መሳቢያው ይከፈታል፣ ሰባቱም ታሽገው ይገኛሉ። አለቃችን አንብቦ ጣለው። «ሰርቃ ሳትከፍት? ይህን ተመልካች አያምንም» አለኝ። እኔ አምናለሁ አልኩት። ካንቺ የማምነው ያንን አንድ ነገር ብቻ ነው። ፊቷን አቅርቡ፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ ምንም አትናገር አልኩ። ተከራክሬ አሸነፍኩ። የፊታችን ማክሰኞ ይተላለፋል።

አሁን ያንቺን ደብዳቤ ልንገርሽ። በቅድሚያ የከፈትኩት እሱን ነው። ፈርተሽው የኖርሽው ይህ ነው፤ እንዳለ ገልብጬልሻለሁ፦

«እህቴ ሆይ፣ ስድስት ደብዳቤ ጽፌ መልስ አጣሁ። ባለቤቴን አልጠረጥራትም። ደብዳቤዎቼ መንገድ ላይ የሚጠፉ ይመስለኛል፤ የፖስታ ቤት ሰዎችን አላምናቸውም፣ ካንቺ በቀር። አንቺ እዚያ በመኖርሽ እጽናናለሁ። እባክሽ ሌሎቹን ፈልገሽ በእጇ ስጪልኝ። ቤት ተከራይቻለሁ፤ ሦስት ክፍል አለው፣ አንዱ ያንቺ ነው። ከዚህ በኋላ መልስ ካላገኘሁ ግን ረስተውኛል ብዬ እተዋለሁ፤ አላስቸግራችሁም።»

የተራገመ ሰው የለም እቴቴ። ከፍተሽው ቢሆን ኖሮ ክፍልሽን ታገኚ ነበር።

ከፖስታው ጀርባ አድራሻው አለ። የሠላሳ ዓመት አድራሻ ነው፤ ቤቱ ይኑር አይኑር፣ እሱም ይኑር አይኑር አላውቅም። ጥቅሉ በደረሰኝ ማግስት ጻፍኩለት፣ ቴምብሩንም አላጣመምኩም። ሁለተኛውን በወሩ ላክሁ። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስመለስ በየቀኑ የሕንፃችንን ጥበቃ «ዛሬስ?» እለዋለሁ። የደብዳቤ ሣጥኖቹን የሚጠብቀው እሱ ነው። ትናንትም ጠየቅኩት። ከወንበሩ ተነሥቶ ሣጥኑን ከፍቶ ባዶውን አሳየኝና «ዛሬም የለም» አለኝ።

ደግ ሰው ነው፤ አንድም ቀን ዋሽቶኝ አያውቅም። አላመንኩትም።

ልጅሽ